ኤምአርአዩን በፍላሽ ስጡን

የአባታችን ወገብ ሲታመም የብዙዎቻችን ሥራ አንድ ነው፦ የኤምአርአዩን ፊልም መስኮት ላይ መለጠፍ፣ በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ በቴሌግራም ለሚታወቅ ሐኪም መላክ። ኪቶ ፉርዲሳም የተለመደ ነው። ሐኪም መጠየቁ ጥሩ ነው፤ የምንልከው ነገር ግን ለቀዶ ሕክምና አይበቃም።

በዕድሜ የገፉትን ከሚያሠቃዩት አንዱ የወገብ ነርቭ መተላለፊያ መጥበብ ነው። ሰውየው ትንሽ ሲራመድ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይዝላል፤ ሲቀመጥ ወይም ወደፊት ጎንበስ ሲል ይሻለዋል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ፣ ሐኪሙ የትኛውን አንጓ፣ በየትኛው ጎን፣ ምን ያህል እንደሚያሰፋ የሚያቅደው ምስሉን አይቶ ነው። ራጅ ነርቭን አያሳይም፤ ነርቩን፣ ዲስኩንና ጅማቱን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ጎንበስ ቀና እየተባለ የሚነሳ ራጅ ደግሞ አጥንቱ የሚንሸራተት መሆኑን ያሳያል፤ በብረት ማሰር ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን ይረዳል።

አንድ የኤምአርአይ ምርመራ ብዙ ምስሎች አሉት። ዳይኮም የሚባለውን ዋናውን ፋይል ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ አንድ በአንድ ያያል፣ ያጎላል፣ ይለካል። የመስኮት ፎቶ ላይ ይሄ የለም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ወጪው ይታየኛል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአጋሮ ለሚነሳ ቡና ገበሬ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ትራንስፖርት አለ፣ አልጋ አለ፣ የአስታማሚ ቀን አለ። የቡና ለቀማ ወቅት ከሆነ የባከነው የሥራ ቀን አለ። ፋይሉ አልመጣም ተብሎ "ድጋሚ ተነሱ" ከተባለ በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ሂሳብ ይደመራል።

ምስል ብቻውን ግን አይፈርድም። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ የወገብ ሕመም የማያውቁ 67 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው ነበር። ከመካከላቸው 60 ዓመት የሞላቸውና ያለፉት 21 በመቶው መጥበብ ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ምስሉና ሕመሙ መግጠማቸውን በሽተኛውን የመረመረ ሐኪም ይወስን፤ የግሩፕ ኮሜንት አይወስንም።

እኛ ከምርመራ ክፍል ሳንወጣ ሙሉውን ፋይል በፍላሽ ወይም በሲዲ እንጠይቅ። የጤና ተቋማትም ሳይጠየቁ ይስጡ። ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም እዚሁ ከተማ ነው። ምስልን ከሐኪም ወደ ሐኪም የሚያደርስ ሥርዓት ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ጉርብትና የት ይገኛል? ፋይል 350 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ወገቡን አያመውም።