ሁለቱ ፊኛዎች

ቃል ሲዘወተር ክብደቱን እንደሚጥል ግጥም የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። «አለርጂ» የሚለው የውሰት ቃል አንዱ ምሳሌ ነው። «ስብሰባ አለርጂዬ ነው» እንላለን፤ ያልወደድነውንም ሰው በዚሁ ቃል እንሸኘዋለን። ስለዚህ አንዲት እናት «ልጄ የፊኛ አለርጂ አለበት» ብትል ሰሚው ፈገግ ይላል፤ ቅብጠት ይመስለዋል። የእኔ ክርክር ከዚህ ፈገግታ ጋር ነው።

አብዛኛው የሚነፋ ፊኛ የሚሠራው ከጎማ ዛፍ ከሚቀዳ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው፤ ላቴክስ ይባላል። በውስጡ ያሉትን ፕሮቲኖች የአንዳንድ ሕፃናት ሰውነት እንደ ጠላት ይቆጥራቸዋል። ቆዳ ያሳክካል፤ ከንፈርና ዐይን ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ሲከፋም የደም ግፊት ወርዶ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። ይበልጥ የሚጠቁት የአከርካሪ አጥንታቸው ሳይገጥም የተወለዱና ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ደጋግመው ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ልጆች ናቸው። የሐኪሙ ጓንትና የሽንት ማውጫው ቱቦ ለብዙ ዘመን ከዚያው ፈሳሽ ሲሠሩ ኖረዋልና፣ ሰውነታቸው በንክኪው ብዛት ይቆጣል።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚያስደነግጥ ግጥምጥሞሽ ይዟል። ሽንት የሚያቁረው የሰውነት ክፍልም ልደት የሚያደምቀው መጫወቻም ስማቸው አንድ ነው፦ ፊኛ። የመጀመሪያውን ለመርዳት የገባው ቱቦ ሁለተኛውን የልጁ ጠላት ሊያደርግበት ይችላል።

አሜሪካ ዱቄት ያለውን የሐኪም ጓንት እ.ኤ.አ. በ2017 አግዳለች፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ዱቄቱ የላቴክሱን ፕሮቲን በአየር መበተኑ ነው። ናይትሪልን የመሰለ ምትክ አለ። በእኛ ዘንድስ? እኔ በምውልበት የባንክ ዓለም አዲስ ቅርንጫፍ ያለ ፊኛ ሲመረቅ አላየሁም፤ የትምህርት ቤት በዓልም እንዲሁ ነው። ፊኛ ይጥፋ አልልም። ደጋሹ ከመንፋቱ በፊት ይጠይቅ፤ የወረቀት ጌጥም ያደምቃል። ወላጅም ከቀዶ ጥገናና ከጥርስ ሕክምና በፊት ሳይጠየቅ ይናገር። ሙዝና አቮካዶ ከላቴክስ ጋር የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች ስላሏቸው፣ «አፌን አሳከከኝ» ብሎ ጭማቂውን የሚገፋውን ልጅ መራጭ ከማለታችን በፊት ሐኪም እናማክር።

እኛ የቃል ወዳጆች ደግሞ «አለርጂ»ን ለቀልድ ስንመዘው ጥቂት እንሰስት። ይህን ቃል ከእኛ ይልቅ የሚፈልገው ልጅ አለ፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ወደ እርሱ ሲዘረጋ የሚከላከልበት ሌላ ቃል የለውም።