የታተሙት የአካል ሞዴሎች ከተቆለፈባቸው ቁምሳጥን ወጥተው እንድንማርባቸው የቀረበ አቤቱታ

ለኮሌጃችን ዲን ጽሕፈት ቤት

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪዎች የሚከተለውን አቤቱታ በታላቅ አክብሮት እናቀርባለን።

ኮሌጁ የዳሌ፣ የልብና የመተንፈሻ ቱቦ ሞዴሎችን በስሪዲ ፕሪንተር አሳትሞ ሲያመጣ አመስግነናል፤ አሁንም እናመሰግናለን። እኛ አስከሬን ላይ የመማር ዕድል የለንም፤ አናቶሚን የምናውቀው በስላይድና የኮፒ ብዛት ባጠቆረው ሃንድአውት ነው። ዳሩ ግን ሞዴሎቹ ስኪል ላብ ውስጥ የመስታወት ቁምሳጥን ተቆልፎባቸው የሚወጡት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። መምህራን ለማውጣት በስማቸው መፈረም አለባቸው፤ ከተሰበረ ከደመወዝ ይቆረጣል ስለተባለ የሚፈርም የለም። አንፈርድባቸውም።

ጉዳታችንን በዳሌው እናስረዳ። ቬንትሮግሉቲያል በሚባለው ቦታ የጡንቻ መርፌ ለመውጋት መዳፍ በትልቁ ትሮካንተር ላይ ያርፋል፤ አመልካች ጣት የኢሊያክ አጥንትን የፊት ጫፍ ይነካል፤ የመሐል ጣት በአጥንቱ ጠርዝ ወደ ኋላ ይከፈታል፤ መርፌው በሁለቱ ጣቶች መካከል ይገባል። ለበሽተኛው ግራ ዳሌ ቀኝ እጅ፣ ለቀኙ ግራ እጅ ነው። ይህን ሁላችንም ፈተና ላይ ጽፈነዋል፤ እጃችን ግን አያውቀውም። ማኒኪኑ በመርፌ ብዛት ተበሳስቶ፣ ጎማውም ደንድኖ ከሥሩ አጥንት አይዳሰስም። ስለዚህ ዎርድ ስንገባ ፈርተን የለመድነውን የቂጥ መርፌ እንወጋለን፤ እዚያ ደግሞ ሳያቲክ ነርቭ አለ።

ሌላም አለ። ሞዴሉ ለእንግዶች በወጣበት ቀን የዳሌውን መግቢያ ወርድ በማስመሪያ ብንለካው 8 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የአዋቂ ሴት 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አገጩን ደረቱ ላይ የደፋ ሕፃን ራስ እንኳ 9.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በዚህ ዳሌ የሚወለድ ልጅ የለም። ፕሪንተሩ ስላልበቃው ተቀንሶ መታተሙን ያወቅነው ጠይቀን ነው፤ የተጻፈበት ነገር የለም። ከፋፍሎ አትሞ ማጣበቅ ይቻል ነበር።

ይሰበራል የሚለው ስጋት ይገባናል። ነገር ግን የታተመ ሞዴል ደግነቱ ፋይሉ እስካለ ድረስ ዳግም መታተሙ ነው። የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተሙ የአናቶሚ ሞዴሎቹን ሲያስተዋውቅ አስከሬን የማያገኙ ትምህርት ቤቶችን አስቦ ነበር፤ የመስታወት ጌጥ እንዲሆኑ አልነበረም።

ስለዚህ ሞዴሎቹ በስኪል ላብ ሰዓት ያለ መምህራን የግል ዋስትና እንዲወጡልን፣ ዳሌው በሙሉ መጠኑ ዳግም እንዲታተም፣ በተቀነሱት ሁሉ ላይ ምን ያህል እንደተቀነሱ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። እኛ በተራ ፈርመን እንረከባለን። አውቶክሌቭ ውስጥ እንደማይገቡም እናውቃለን፤ ፕላስቲኩ ፒኤልኤ ስለሆነ በ60 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል። ሞዴል ተገኘ ተብሎ የአታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ሰዓታችን ቢቀነስ ግን አንቀበልም፤ ፕላስቲክ «አመመኝ» አይልም።

የሚቀጥለው አታችመንት ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እየጠየቅን፣ ካልተሰጠን አቤቱታውን ለአካዳሚክ ኮሚሽኑ ለማቅረብ የምንገደድ መሆኑን በትሕትና እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለነርሲንግ ትምህርት ክፍል፤ ለስኪል ላብ አስተባባሪ