ፉከራ በማን ላይ?

ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ እንደ ተወረወረ ጦር ነው፤ ቢጠሩት አይመለስም። ጦር የሚያገኘው አንድ ሰው ነው፤ በዜማ የተነገረ ቃል ግን ትውልድን ሁሉ ያገኛል። ነገሩ እንዲህ ሲሆን፥ «ዘፈን የጨዋታ ነገር ነው፤ አዝማሪም ለእንጀራው የሚጮኽ ነውና ምን ክብደት አለው?» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች የአዝማሪን ኃይል ጠላት ያወቀውን ያህል እንኳ አላወቁም።

በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። መትረየስና አውሮፕላን ያለው የጦር አለቃ ማሲንቆ የያዘን ድኻ ስለ ምን ፈራ? በየገበያው የሚያልፍ ግጥም ሰሙ የፍቅር ነገር መስሎ ወርቁ «ተነሥ» ሊሆን እንደሚችል ስለ ተረዳ ነው። በላስታና በዋግም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዚያው ዓመት ተነሥተው በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ሕይወታቸውን ለአገራቸው ሰጡ። ያን ጊዜ ፉከራ ማንን በማን ላይ እንደሚያስነሣ የታወቀ ነበር።

በሩቅ አገርም እንዲሁ ሆነ። ኢትዮጵያ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሰንደቅ ዓላማዋን ከተከለች ሁለት ወር ሳይሞላ ጀርመን ሩስያን ወረረ። በዚያው ሳምንት ሌቤዴቭ ኩማች የጻፈውን ግጥም አሌክሳንድሮቭ በዜማ አዘጋጅቶት፥ ወደ ግንባር የሚሄዱ ወታደሮች በሞስኮ ባቡር ጣቢያ ሰሙት። አስቀድሞም በ1931 ዓ.ም. ኢሳኮቭስኪ የገጠመው፥ ብላንተር ያዜመው «ካትዩሻ» ወሰን ጠባቂ ወታደርን በናፍቆት ስለምትጠብቅ ልጃገረድ የሚናገር ዘፈን ነበረ፤ በጦርነቱ ጊዜ ስሙ ለሮኬት መሣሪያ ተሰጠ። ወይዘሮ ሊድያ ሩስላኖቫም በየግንባሩ እየዞሩ ዘፈኑ፤ በ1937 ዓ.ም. በርሊን በተያዘች ጊዜ በዚያ ተገኝተው አዜሙ። ያው መንግሥት ግን በ1941 ዓ.ም. አሰራቸው፤ የተፈቱትም ስታሊን ከሞተ በኋላ በ1945 ዓ.ም. ነው። ኃይለኛ ሰው ድምፅን ይዋሳል እንጂ ባለ ድምፁን አይወድምና፥ ለባለ ሥልጣን የሚዘፍን ሁሉ ይህን ያስብ።

ከዚህም የሚብስ አለ። በዚያ ጦርነት ሩስያዊውና ዩክሬናዊው ጎን ለጎን ቆመው እነዚህኑ ዘፈኖች በአንድነት ዘፍነው ነበር። ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሩስያ ዩክሬንን ወርራ የልጅ ልጆቻቸው ተገዳደሉ። ወራሪን ለመመከት የተዘጋጀ ዜማ ለወረራ ማጀቢያ ሆነ።

ላስታ ይህን በሩቅ ወሬ ብቻ አልሰማችውም። የላሊበላ ከተማ ከሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር በየወገኑ ቀረርቶና ፉከራ ነበረ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በዚያው ምድር የጥይት ድምፅ ተሰምቷል። የሚፎክረውም ኢትዮጵያዊ፥ የሚፎከርበትም ኢትዮጵያዊ፤ የገዳይና የሟች እናቶች በቋንቋ ቢለያዩ በልቅሶ አንድ ናቸው። የአድዋን ፉከራ ወስዶ በወንድም ላይ ማዞር፥ የአባትን ጦር አንሥቶ የእናትን በር እንደ መስበር ነው።

«አባቶችም እርስ በርሳቸው ተዋግተው ፎክረዋል» ቢባል እውነት ነው፤ ዘመነ መሳፍንት ይመሰክራል። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ውጊያ ሁሉ ኢትዮጵያ በዓል አድርጋ የምታከብረው አንድ ስንኳ የለም፤ በ1888 ዓ.ም. የሆነውን የአድዋን ድል ግን በየዓመቱ ታከብራለች። ሕዝቡ ፍርዱን ከሰጠ ቆየ።

«እንግዲያስ ዘፈን ይከልከል» የሚል ቢነሣ ስሕተቱ ከፊተኛው ይከፋል፤ ይህ የግራዚያኒ ፍርድ ነውና። የቅኔ ተማሪ ቢሳሳት መምህሩ ቅኔውን ያቃናል እንጂ ምላሱን አይቆርጥም። የአዝማሪ መምህሩ ሰሚው ነው፤ ግጥም የሚሰጠው፥ ገንዘብ የሚሸልመው፥ «እሰይ» የሚለው እርሱ ነው። ሊቁና ከተሜው አዝማሪን ይንቃሉ፤ ወንድምን የሚያዋርድ ግጥም ሲሰሙ ግን ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ንቀታቸው በአዝማሪው ላይ ሳይሆን በዚያ ግጥም ላይ ቢሆን፥ ሽልማታቸውንም ቢከለክሉት፥ ግጥሙ ከአንድ ክረምት አያልፍም ነበር።

ከዚያች ከተማ ጋር ስማቸው አንድ የሆነ «ላሊበሎች» የሚባሉ ዜመኞች አሉ። ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ ቆመው ያዜማሉ፤ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በስሙ ያመሰግናሉ፤ የሰጣቸውን ተቀብለው መርቀው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ። ስሙን ይጠይቃሉ እንጂ ወገኑን አይጠይቁም። ለማኝ እየተባሉ የሚናቁት እነዚህ ሰዎች ዛሬ በየአደባባዩ ከሚፎክረው ይልቅ ዜማ ለምን እንደ ተሰጠ አውቀዋል።