ማደስ ሌላ፣ መለወጥ ሌላ

ያረጀ ቅርስ «ታደሰ» የሚባለው አዲስ ሲመስል ነው የሚል አስተሳሰብ በባህል ሥራ ዙሪያ ሥር ሰዷል። የዚህ አስተሳሰብ ጠበቆች ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ትጉሃን ናቸው። ጥፋታቸው የሚከፋውም በትጋታቸው ምክንያት ነው። ሰነፍ ሰው ቅርሱን ለአቧራ ይተወዋል፤ አቧራ ደግሞ ይጠረጋል። ትጉሁ አሻሻይ የቆረጠው ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ለዚህ ክርክር በሰሜን ጀርመን፣ በሀምቡርግ ከተማ፣ በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ኦርጋን ጥሩ ምስክር ነው። ኦርጋን ሲባል እዚህ ላይ የዘመናዊ ሙዚቃ ቡድኖች የሚጫወቱበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ማለት አይደለም። ይህኛው ቤት የሚያህል፣ በወናፍ ነፋስ የሚሠራ፣ ወደ 4000 የሚጠጉ ቱቦዎችን የያዘ ሥራ ነው። ታላቁ ባለሙያ አርፕ ሽኒትገር ከ1689 እስከ 1693 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሠራው፣ 60 የድምፅ ረድፎች፣ 4 የእጅ ሰሌዳዎችና አንድ የእግር ሰሌዳ ሰጥቶታል። ትልቁ ቱቦ ከ9 ሜትር ይበልጣል፤ ትንሹ በመዳፍ ውስጥ ይደበቃል። ሽኒትገር ታዲያ ሁሉንም ከባዶ አልጀመረም። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሙያተኞች የሠሯቸውን ቱቦዎች መርጦ በአዲሱ ሥራ ውስጥ አስገባቸው። አሮጌ ናቸው ብሎ ማቅለጥ ይችል ነበር፤ እሳቱም ማቅለጫውም በእጁ ነበር።

ቱቦው የሚናገረው በአፉ ነው። የቆርቆሮና የእርሳስ ማዕድን ተቀላቅሎ ይቀልጣል፤ በስሱ ተነጥፎ ይጠቀለላል፤ ከዚያም ሙያተኛው አፉን በቢላ ይከፍታል። የአፉ ከፍታ በጥቂቱ ቢጨምር ድምፁ ሌላ ይሆናል። ቁመቱ ቢያጥር ቅኝቱ ይለወጣል። የክራርና የበገና ጅማት ቢላላ ይወጠራል፤ የተቆረጠ ቱቦ ግን ሌላ ብረት ካልተበየደበት በቀር አይረዝምም፤ የመጀመሪያው ሠሪ በጆሮው የፈረደው ፍርድም በዚያው ይጠፋል። «ትንሽ ብናስተካክለው ምን አለበት?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

የዚህ ኦርጋን ታሪክ የጠላትም የወዳጅም ጉዳት የሞላበት ነው። በ1720 ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ለኦርጋን ተጫዋችነት ቢታሰብም፣ ቦታውን ያገኘው ለቤተ ክርስቲያኑ 4000 ማርክ የከፈለ ሌላ ሰው ነበር። (የሹመት ገበያ ያኔም ደርቶ ነበር።) በ1917 የፊት ለፊቶቹ የቆርቆሮ ቱቦዎች ለጦርነት ተነቅለው ቀለጡ። መንግሥት ቱቦውን በማዕድንነቱ ብቻ መዘነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የዘመረ ድምፅ በኪሎ ተቆጠረ።

ከዚያ በኋላ የደረሰለት ማን ነበር? የኦርጋን ፋብሪካ ባለቤት አልነበረም። ጸሐፌ ተውኔቱ ሀንስ ሄኒ ያን ነበር፤ በ1920 የክላይስትን ሽልማት ያገኘው ደራሲ። ወታደርነትን ሸሽቶ ኖርዌይ በኖረባቸው ዓመታት የኦርጋን አሠራርን አጥንቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የሙያው ፋሽን ኦርጋንን የኦርኬስትራ አስመሳይ ማድረግ ስለነበር፣ እንደ ሽኒትገር ያለው ሥራ ዘመኑ ያለፈበት ይመስል ነበር። ያን ግን ቱቦዎቹን እየመረመረ፣ ጉድለት የተባለው ነገር ሌላ የድምፅ ሕግ መሆኑን አስረዳ። በ1920ዎቹ ዓመታት እድሳቱን መራ፤ በ1925ም የኦርጋን ባለሙያዎች በሀምቡርግና በሉቤክ ተሰብስበው የጥንቱን ድምፅ አዳመጡ። «ደራሲ በእንጨትና በብረት ምን አገባው?» የሚሉ ሁሉ ይህን ሰው ያስታውሱ።

በ1942 ቱቦዎቹና የነፋስ ሣጥኖቹ ወርደው በደኅና ቦታ ተቀመጡ። በ1944 ቤተ ክርስቲያኑ በቦምብ ተመታ፤ የኦርጋኑ የእንጨት ቤትም ወደመ። እስከ 1961 የተደረገው የድኅረ ጦርነት እድሳት መሣሪያውን ወደ ቦታው መለሰው፤ ይህ ውለታው አይካድም። ዳሩ ግን ሥራው የጥንቱን ኦርጋን አላስገኘም። ከ1989 እስከ 1993 ዩርገን አሬንድ እንደገና ሊያድሰው ግድ ሆነ። አሬንድ ከተረፉት ቱቦዎች ተማረ፤ የጠፉትን በእነርሱ ልክ ሠራ፤ የፊት ቱቦዎቹን በቆርቆሮ መለሰ፤ የእንጨቱን ቤት እንደገና አቆመ፤ ቅኝቱንም ወደ ጥንቱ ሥርዓት አቀረበ። ኦርጋኑ 300 ዓመት ሲሞላው ሥራው ተፈጸመ።

በዚህም ላይ ነቀፋ አይታጣም። በዚያ ቅኝት የ19ኛው መቶ ዓመት ድርሰቶች ብዙዎቹ ይጎረብጣሉ፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለሁሉም የሚሆን መሣሪያ ባስገኘ ነበር ይባላል። ለሁሉም የሚሆኑ ኦርጋኖች በዚያችው በሀምቡርግ ሞልተዋል። ሽኒትገር በ1693 የሰማውን ለማሰማት የሚቀርበው ግን ይህ ነው፤ ነቃፊዎቹም አፉን ዳግመኛ ሊቆርጡለት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።