በሬውን ሸጦ የሚስማር መኪና መግዛት ይገባልን?

ከደብረ ኤልያስ አንዲት የቤት እመቤት ለዚህ ገጽ የላኩት ጥያቄ የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው፣ ዛሬ በዚሁ ነገር ላይ እንነጋገራለን። ባለቤታቸው አናጢ ናቸው። በበጋ የሰው ቤት እየሠሩ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ በጥማድ በሬያቸው የራሳቸውን መሬት እያረሱ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። አሁን ግን ባልየው በአየር ግፊት ሚስማር የሚመታ መኪና በስልክ ላይ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ስላዩ፣ አንዱን በሬ ሸጠን ይህን መኪና እንግዛ ብለዋል። እመቤቲቱም፣ መኪናው ሥራ የሚያፋጥን ከሆነ አልከለክልም፤ ነገር ግን በሬው ከሄደ በኋላ መኪናው የማይረባ ሆኖ ቢገኝ ምን እንሆናለን ሲሉ ጽፈዋል።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ የተቀናጀ ሰውም ተራውን መጠበቅ አለበት፤ ዝናቡ ግን የማንንም ተራ አይጠብቅም። ስለዚህ መኪናው ምን እንደ ሆነ፣ ለምን ዓይነት እንጨት እንደ ተሠራ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

በጎሚስታ ቤት የመኪና ጎማ ሲነፋ ያየ ሰው የዚህን መሣሪያ ግማሹን አይቷል ማለት ነው። ኮምፕሬሰር የተባለው መኪና አየርን በብረት በርሜል ውስጥ ያምቃል፤ የታመቀውም አየር በጎማ ቧንቧ መጥቶ ሽጉጥ በሚመስለው መምቻ ውስጥ ይገባል። ሠራተኛው ቃታውን በሳበ ጊዜ አየሩ አንድ የብረት ዘንግ ወደ ታች ይገፋና ሚስማሩን ባንድ ምት እስከ አናቱ ያስገባዋል። ለዚህ የሚፈለገው ግፊት በያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ያህል ነው። ለቤት ማዋቀሪያ የሚሆነው ዓይነት ከ5 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሚስማር ይመታል፤ ክብደቱም በአብዛኛው ከ3 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ቀኑን ሙሉ በመሰላል ላይ ሆኖ መያዝ ለክንድ ቀላል አይደለም።

ይህ መሣሪያ በአሜሪካ አገር የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950 ዓመተ ምሕረት ወዲህ ነው። በዚያ አገር ብዙው ቤት የሚሠራው በመጋዝ ተሰንጥቆ ባራት ማዕዘን ከተስተካከለ፣ ለስላሳና ደረቅ ከሆነ የጥድ ዘመድ እንጨት ነው። የተለመደው ቋሚ በግምት 4 በ9 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ገጹ ሁሉ ለጥ ያለ ነው። የመኪናውም አፈ ሙዝ እንዲህ ባለው ለጥ ያለ ገጽ ላይ ተጭኖ እንዲተኩስ ተደርጎ ተሠርቷል።

እንግዲህ ወደ ደብረ ኤልያስ እንመለስ። በድሮ ዘመን በደብሩ ዙሪያ የቅኔ ተማሪ የሚያድርባት ጎጆ ሚስማር ሳይነካት በልጥና በሐረግ ታስራ ትቆም ነበር። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባና የቆርቆሮ ክዳን ከተለመደ ወዲህ ግን፣ ቋሚውም ማገሩም ወራጁም በሚስማር የሚያያዝ ሆነ። እንጨቱ ግን አሁንም ድቡልቡል ነው። ድቡልቡል ማገር በድቡልቡል ቋሚ ላይ በሚመታበት ጊዜ የመኪናው አፈ ሙዝ ይንሸራተታል፤ ሚስማሩም ዘሞ ሊወጣ ወይም ነጥሮ ሊመለስ ይችላል። ከዚህም በላይ ባሕር ዛፍ በደረቀ ጊዜ እጅግ ስለሚጠነክር ሚስማር ያጎብጣል፤ ጫፉ አጠገብ ከተመታም ይሰነጠቃል። መዶሻ የያዘ አናጢ ሚስማሩ መጉበጥ ሲጀምር በእጁ ይሰማዋል፤ ቆም ብሎም ያቃናዋል። መኪናው ግን እንዲህ ያለ ስሜት የለውም።

ስለ ጣራው ደግሞ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ቆርቆሮ የሚመታው አናቱ ጃንጥላ በሚመስል ሚስማር ሲሆን፣ ውሃ እንዳያስገባ በቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ ይመታል። የቤት ማዋቀሪያው መኪና ይህን ሚስማር አይጎርስም። ስለዚህ ባለቤትዎ መኪናውን ቢገዙም እንኳ ለክዳኑ ወደ መዶሻቸው መመለሳቸው አይቀርም።

ሚስማሩም ሌላ ጣጣ አለው። መኪናው በገበያ በኪሎ የሚሸጠውን ሚስማር አይቀበልም፤ የሚቀበለው በወረቀት፣ በፕላስቲክ ወይም በሽቦ ተያይዞ የተሰደረውን ብቻ ነው። ይህም የተሰደረው ሚስማር ባንዱ መኪና 21 ዲግሪ፣ በሌላው 28፣ በሌላው ደግሞ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። በአቅራቢያው ካለ ነጋዴ የማይገኝ ከሆነ ሚስማር ባለቀ ቁጥር ከሩቅ ከተማ ማስመጣት ሊያስፈልግ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል በሌለበት ቦታ ጄኔሬተር ይጨመራል፤ ጄኔሬተሩም የኮምፕሬሰሩ ሞተር በሚነሣበት ጊዜ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ፣ ትንሽ ከሆነ አይችለውም። እንግዲህ በበሬው ዋጋ መምቻው ቢገዛ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ቧንቧውና ጄኔሬተሩ በምን ሊገዙ ነው?

አደጋውን ሳናነሣ ብናልፍ ለእመቤቲቱ ግማሽ መልስ እንደ ሰጠን ይቈጠራል። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2005 ዓመተ ምሕረት በነበረው ጊዜ፣ በየዓመቱ በግምት 37,000 ሰው በሚስማር መኪና ቈስሎ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዷል፤ ከእነዚህም ከመቶው 40 ያህሉ በሥራ ላይ ሳይሆኑ በቤታቸው የቈሰሉ ሰዎች ነበሩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጐዳው እጅና ጣት ነው። የአደጋው አንዱ ምክንያት በቃታው አሠራር ነው። አንደኛው ዓይነት ቃታው እንደ ተሳበ ሳለ አፈ ሙዙ በነካው ሁሉ ላይ ይተኩሳል፤ በግፊቱ ወደ ኋላ ነጥሮ ተመልሶ ሲነካም ሳይታሰብ ሁለተኛ ሚስማር ይለቃል። ሁለተኛው ዓይነት ግን አስቀድሞ አፈ ሙዙ እንጨቱ ላይ ካልተጫነና ቀጥሎ ቃታው ካልተሳበ አይተኩስም፤ ለያንዳንዱም ሚስማር ይህንኑ መድገም ያሻል። በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን የመረመሩ ሊቃውንት በመጀመሪያው ዓይነት የሚደርሰው አደጋ ከሁለተኛው እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝተውታል። ሻጩ የመጀመሪያውን ፈጣን ነው ብሎ ያመሰግነው ይሆናል፤ ፈጣንነቱም እውነት ነው።

የእኛ አሳብ በሬው በቦታው ይቈይ የሚል ነው። ከበጋው ሥራ ከሚገኘው ገንዘብ ግን ባለቤትዎ መሣሪያቸውን ቢያሻሽሉ ሥራቸው በእውነት ይፋጠናል። አናቱ ከ500 እስከ 700 ግራም የሚመዝን፣ እጀታው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት የሆነና የማይነቃነቅ መዶሻ፣ ደኅና ጉጠት፣ እንዲሁም ለደረቁ ባሕር ዛፍ ቀዳዳ የሚያበጅ መሰርሰሪያ ይግዙ። ከሚስማሩ በመጠኑ የቀጠነ ቀዳዳ አስቀድሞ ከተበሳ እንጨቱ አይሰነጠቅም። መሰርሰሪያ በሌለ ጊዜ የሚስማሩን ሹል ጫፍ በመዶሻ ጥቂት ማደደብ ይረዳል፤ ሹሉ እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ይፈለቅቀዋል፣ ደደቡ ግን ጭረቱን እየቈረጠ ይገባልና። ሳሙና የተቀባ ሚስማርም በቀላሉ ይሰርጋል። የሚስማሩ ርዝመት ከሚያያዘው እንጨት ውፍረት ሦስት እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ማገር የ12 ሴንቲ ሜትር ሚስማር እንደ ማለት ነው። ባለቤትዎ ከአሮጌ ቤት የነቀሉት የዛገ ሚስማር ቢወጋቸው ቍስሉን በሳሙናና በውሃ አጥበው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መወጋታቸውንም እርስዎ ያስታውሱላቸው፤ ወንዶች ይህን ይረሳሉ።

ይህን ስንል መኪናውን ለዘላለም አይግዙት ማለታችን አይደለም። ባለቤትዎ የተሰነጠቀ ጣውላና ሞራሌ የሚበዛበት ሥራ፣ ለምሳሌ የመጋዘን ጣራ ማዋቀር ወይም ለቤቶን ማፍሰሻ የጣውላ ቅርጽ ማበጀት ዘወትር የሚያገኙ ቢሆን፣ ያን ጊዜ መኪናው ዋጋውን ይመልሳል። በዚያን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ቃታ ያለውን ይምረጡ፤ የሚስማሩም ዲግሪ በደብረ ማርቆስ ነጋዴዎች ዘንድ ከሚገኘው ጋር መስማማቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ኮምፕሬሰሩ የመኪና ጎማ ብቻ ለመንፋት የተሠራው ትንሹ ዓይነት እንዳይሆን ይጠንቀቁ። በየማታው በበርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፣ መምቻውንም ለእርሱ በተመደበው ዘይት ማራስ፣ ሚስማር በተቀረቀረ ጊዜ ደግሞ ቧንቧውን ሳይነቅሉ አለመንካት ግዴታ ነው። የዓይን መከላከያ መነጽር ከመኪናው ጋር አብሮ ይገዛል፤ ሚስማር የጐረሰ መምቻም ልጆች በሚገቡበት ቤት አያድርም።

ሊገዙ በሚሄዱበትም ቀን ከጓሯችሁ ካለው ደረቅ ባሕር ዛፍ አንድ ክንድ ያህል ቈርጠው፣ አንዱን ገጽ በመጥረቢያ ጠርበው ይዘው ይሂዱና ሻጩ በዚያ ላይ መትቶ ያሳያቸው። ሻጩ በሱቁ ባዘጋጀው ለስላሳ ጣውላ ላይ ሚስማሩ ሁሉ ያለ ችግር ይገባል።