ጥጉን ይልቀቁ፣ ሜዳውን ይያዙ

ልጅዎ በጨዋታ መሃል ጠጠሮቹን በእጇ ጠራርጋ «ከእንግዲህ አልጫወትም» ብላ ተነስታ ታውቃለች? የእኔዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ባለፈው እሑድ ከቡና በኋላ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጎ እየተጫወትን ነበር። አራቱም ጥግ ላይ ጠጠር አስቀምጣ ጀመረች፤ አንዱን ጥግ ገብቼ ስወስድባት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባዬ፣ የኔ ነበር እኮ!» አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ጥጉ ገና የማንም እንዳልሆነ ሳልነግራት ያጫወትኳት እኔ ነኝ።

ጨዋታውን ለማያውቁት፦ ጎ ከቻይና የተነሳ፣ ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ጨዋታ ነው። እንደ ገበጣ ጠጠር አይዘራበትም፤ እንደ ዳማም ተዘሎ አይበላም። ሁለት ሰዎች ጥቁርና ነጭ ጠጠር በመስመሮች መገናኛ ላይ በየተራ እያስቀመጡ ክልል ያጥራሉ። ተከብቦ መውጫ ያጣ ጠጠር ከሰሌዳው ይነሳል። በውስጡ ሁለት የተለያዩ ባዶ ቦታዎች፣ ማለትም «ሁለት ዓይን» ያለው ቡድን ግን አይሞትም። ትልቁ ሰሌዳ 19 በ19 መስመር ነው፤ ለቤት ግን 13 በ13 ወይም 9 በ9 ይበቃል።

ለቤተሰብ የሚመቸው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ጀማሪው ጥቁሩን ይዞ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ጥቂት የቅድሚያ ጠጠሮች ያስቀምጣል። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ ብሎ ሆን ብሎ መሸነፍ አያስፈልገውም። ልጆች የተለቀቀላቸውን ድል ያውቁታል፤ ደስም አይላቸውም።

በ13 በ13 ሰሌዳ አራት የቅድሚያ ጠጠር ሲሰጥ፣ እያንዳንዱ ከሁለቱም ጠርዝ አራተኛው መስመር ላይ ይቀመጣል። ለልጅ ዓይን ጥጉ የተዘጋ ይመስላል። አልተዘጋም። ነጭ ከጠጠሩ ሥር፣ ከሁለቱም ጠርዝ ሦስተኛው መስመር ላይ ቢገባ፣ ብቻዋን የቆመች ጥቁር ጠጠር ልትገድለው አትችልም። ታዲያ ጥቁሩን የያዙት እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?

በመጀመሪያ፣ በአንዱ ጎን ይዝጉ። ነጭ ከውጭ አጋር ጠጠር ካለው፣ ወራሪው ከአጋሩ ጋር እንዳይገናኝ በዚያ በኩል ይዝጉ። አጋር ከሌለው ግን የእርስዎ ጠጠሮች በሚበዙበትና ሜዳው ሰፋ ባለበት በኩል ይሁን።

ቀጥሎ፣ ነጭ በሌላው ጎን በጠርዙ ሥር ሲገፋ፣ እርስዎ ከላዩ ሆነው አብረውት ይዘርጉ። በጠጠሮችዎ መካከል የሚቆረጥ ቀዳዳ አይተዉ።

በመጨረሻም፣ ነጭ ጥጉ ውስጥ ሁለት ዓይን ሲያገኝ ይተዉት። ያገኘው አሥር ነጥብ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሰሌዳው ግን 169 መገናኛ አለው። እርስዎ በዙሪያው የሠሩት ግንብ ከሌሎቹ ሦስት ጠጠሮችዎ ጋር ተባብሮ ወደ ሰፊው ሜዳ ይመለከታል።

ጀማሪ የሚሸነፈው ጥጉን በማጣቱ ሳይሆን ወራሪውን ካልገደልኩ በማለቱ ነው። ወደ ውስጥ ሲያሳድድ ግንቡ ይሰነጠቅና ውጭውንም ያጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ለመግደል የሚሞከረው በጥግ ጠጠርዎ ግራና ቀኝ ቀረብ ያሉ አጋዥ ጠጠሮች ቀድመው ካሉ ነው።

በ9 በ9 ሰሌዳ ግን ነገሩ ይለያል። የቅድሚያ ጠጠሮቹ ከጠርዝ ሦስተኛው መስመር ላይ ስለሚቀመጡ ከሥራቸው ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ነጭ ሁለተኛው መስመር ላይ ቢገባ፣ ረጋ ብሎ ለሚዘጋበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ስለዚህ ልጅዎን መጀመሪያ «ጠጠርሽ ስንተኛው መስመር ላይ ናት?» ብለው ይጠይቋት። መልሱ የሚወሰነው በዚያ ነው።

«አባዬ አጭበረበረ» ካለችዎትም ይህንን ይንገሯት። አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ታዋቂውን ኮሪያዊ ሊ ሴዶልን ሶል ላይ 4 ለ 1 ካሸነፈ ወዲህ፣ ታላላቅ ተጫዋቾች ከእነዚህ ፕሮግራሞች ተምረው ገና በጨዋታው መጀመሪያ ይህንኑ ጥግ መውረር አዘውትረዋል። ቀድሞ ግን ውጭውን ለባላጋራ ይሰጣል ብለው ይሸሹት ነበር። ጥግ መውረር የጨዋታው አካል ነው፤ ነውር የለበትም።

እኔም ማክሰኞ ማታ ሰሌዳውን ዘርግቼ፣ ሳንጫወት በፊት አንዱን ጥግ ብቻ ደጋግመን ሠራን። አንዴ እሷ ወረረች፣ አንዴ እኔ። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ፤ ምንም ሳልራራ ጥጓ ውስጥ ገባሁ። ጥቂት አሰበች፣ ዘጋች፣ ከላዬ ዘረጋች፣ «በቃ ብላው» ብላ ወደ መሃል ሄደች። በመጨረሻ በሦስት ነጥብ አሸነፍኳት። ጠጠሮቹን ግን አልጠረገችም። አንድ በአንድ ወደ ሳህኑ እየመለሰች «ነገም በአራት ጠጠር እንጀምር» አለችኝ።