በጋራ መንገድ ላይ የቆመ ኬላ

የሶፍትዌር ፓተንት ለፈጣሪው ጥበቃ ነው የሚሉን ሰዎች አንድ ጥያቄ ይመልሱልን። ፈጣሪው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ማን ነው? የፓተንት ቢሮው ካላችሁ፣ የኢኦላስን ጉዳይ አልሰማችሁም ማለት ነው። (ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ብሮውዘር ስንከፍት ቪዲዮው እዚያው ገጹ ውስጥ ይታያል፣ ካርታው በጣት ይጎተታል፤ ሌላ ፕሮግራም መክፈት አያስፈልግም። ይህ አሠራር የማን ነው? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፔይ-ዩዋን ዌይ የሚባል ወጣት፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪ ሳለ ቫዮላ የተባለ ብሮውዘር መሥራት ጀመረ። ቫዮላ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ገጹ ውስጥ ማስኬድ ይችል ነበር። ዌይ ይህንኑ በሜይ 1993 ለሰን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲሶች አሳይቷል። ፓተንት ግን አላወጣበትም።

በኦክቶበር 1994 የዚያው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የሳን ፍራንሲስኮው ቅርንጫፍ ተመራማሪዎች ለተመሳሳይ ሐሳብ የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ። በ1998 ተፈቀደላቸው። ባለቤቱ ዩኒቨርሲቲው ሆነ፤ የመጠቀም መብቱን የያዘው ደግሞ ኢኦላስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ። ልብ በሉ፤ ቫዮላ የተጀመረውም ፓተንቱ የተያዘውም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ነው!

ከዚያ ኬላው ቆመ። በ2003 የቺካጎ ዳኞች ማይክሮሶፍት ከ520 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረዱ። ፍርዱን የሰጡት ዜጎች ግን የቫዮላን ማስረጃ እንዲመዝኑ አልተፈቀደላቸውም ነበር። በዚያው ዓመት የዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ ፓተንቱ እንዲሰረዝ ለአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ደብዳቤ ጻፈ። ቢሮው እንደገና መረመረ፤ በ2005 ግን ፓተንቱን አጸናው። በዚያው ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የቫዮላ ማስረጃ መከልከሉ ስህተት ነው ብሎ ጉዳዩን መለሰ። ማይክሮሶፍት በ2007 ተስማምቶ ወጣ።

ዋጋውን የከፈለው ማይክሮሶፍት ብቻ አይደለም። በ2006 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ተቀየረ፤ በገጽ ውስጥ ያለን ነገር ለመጠቀም መጀመሪያ አንድ ጊዜ መጫን ግድ ሆነ። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት ካፌ የተቀመጠ ሰው ያስታውሰው ይሆናል። ያቺ ትርፍ ጠቅታ የቴክኖሎጂ ችግር አልነበረችም፤ የኬላው ቀረጥ ነበረች።

በ2009 ኢኦላስ ጎግልን፣ አማዞንንና ያሁን ጨምሮ ከ20 በላይ ኩባንያዎችን ቴክሳስ ላይ ከሰሰ። አንዳንዶቹ ከፍለው ተገላገሉ። የተቀሩት ታይለር በምትባል ከተማ ተሟገቱ። በፌብሩዋሪ 2012 ዌይና በርነርስ-ሊ ራሳቸው ቀርበው መሰከሩ፤ ዳኞቹም ፓተንቱ ዋጋ የለውም አሉ። በ2013 ይግባኝ ሰሚው አጸናው።

እንግዲህ እውነት አሸነፈች ብለን እናጨብጭብ? እኔ አላጨበጭብም። ማመልከቻው ከገባ እስከ ታይለሩ ፍርድ 17 ዓመት አልፏል። ያሸነፉትም ለዓመታት ጠበቃ መቅጠር የሚችሉ ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። ሦስት ሆነው በአንድ ክፍል ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች ቢከሰሱስ? ኬላው ያለአግባብ መቆሙን ለማስረዳት የሚወጣው ገንዘብ ከቀረጡ ይበልጣል። ስለዚህ ከፍለው ያልፋሉ፣ ወይም ሥራውን ይተዉታል።

ለኢኦላስ ሰዎችም ፍትሐዊ እንሁን። እነርሱም ሠርተዋል፤ ሌባ ናቸው አልልም። ችግሩ የሚገለጠውም እዚሁ ላይ ነው። በሶፍትዌር ዓለም አንድ ችግር ሲመጣ ብዙ ሰው በተለያየ ቦታ ወደ አንድ መፍትሔ ይደርሳል። ፓተንት ግን ከእነዚህ ሁሉ መካከል ቀድሞ ቢሮ የሄደውን ሸልሞ፣ ሌሎቹን በገዛ ሐሳባቸው ተከሳሽ ያደርጋቸዋል።

«ፓተንት ከሌለ ማን ይፈጥራል?» ይሉናል። መልሱ ዌብ ራሱ ነው። ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ዌብን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀ። ዛሬ የምናውቀው ኢንተርኔት የተገነባው በዚያ ስጦታ ላይ ነው። የራሱን ኮድ የተሰረቀ ሰው ደግሞ የቅጂ መብት ሕግ አለው። የቅጂ መብት የጻፍከውን ይጠብቃል፤ ሌላው በራሱ ጭንቅላት አስቦ እንዳይጽፍ አይከለክልም።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። ያገባናል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 የኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጠውም ይላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ደግሞ ፕሮግራምን እንደ ጽሑፍ ይጠብቃል። ይህ ክፍፍል ትክክል ነው። ነገር ግን የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት በተነሳ ቁጥር ሕጎቻችን መፈተሻቸው አይቀርም፤ «ዘመናዊ እናድርገው» የሚልም አይጠፋም። ያን ጊዜ ይቺ አንቀጽ እንዳትነካ መጮህ ያለብን እኛ ነን።

ጤፍን አንርሳ። የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ ዓመታት ቆየ፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የለበትም ብሎ ሻረው። ያውም ተሟግቶ ያሻረው ሌላ ኩባንያ እንጂ እኛ አልነበርንም። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በሚያውቁት እህል እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ትናንት በተጻፈ ኮድ ማን ይሟገትልናል?

ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆቻችን ገና መንገዱን እየጀመሩ ነው። ኬላውን ገና ሳይቆም መከልከል ይቀላል። ከቆመ በኋላ ለማፍረስ፣ እንዳየነው፣ የጎግልን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል።